«የሚገባኝ ስሰማ ነው» ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ እኔ የሚገባኝ ስሰማ ነው፤ ባዮሎጂን እንዴት ላጥና?» አለችኝ።

እዚሁ ድሬዳዋ እንዳንቺ ያለች ልጅ ነበረች። «አንቺ በጆሮሽ ነው የምትማሪው» ያልናት እኛው አስተማሪዎቿ ነን። ማስታወሻዋን በስልኳ ቀድታ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስታዳምጥ ታመሻለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ከቅጂው እኩል ትጨርሰዋለች። ስም ያልተጻፈበት የልብ ሥዕል ሲሰጣት ግን ደሙ በየት እንደሚገባ እንኳ ጠፋት። ቅጂው ሁልጊዜ ቀጣዩን ቃል ያቀብላታል፤ ፈተና አያቀብልም። ዛሬም ይቆጨኛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምረው፣ ተማሪን «ሰሚ»፣ «ተመልካች» ብሎ ለይቶ በዚያው ማስተማር ውጤት ያሻሽላል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ተማሪ የሚወደው የአጠናን ዘዴ የለም አልልም። ዘዴውን የሚመርጠው ግን ትምህርቱ ነው።

ልብን በሥዕል አጥኚ። 5 ደቂቃ ተመልክተሽ መጽሐፉን ዝጊ። ባዶ ወረቀት ላይ አራቱን ክፍሎችና አራቱን ቫልቮች ሳዪ፤ የደሙን መንገድ በቀስት አሳዪ፦ ቀኝ አትሪየም፣ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ሳንባ፣ ግራ አትሪየም፣ ግራ ቬንትሪክል፣ አዮርታ። የሳትሽውን በቀይ እስክሪብቶ አርሚ። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ሙሉውን ከባዶ ድገሚው፤ ቀዩን ብቻ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት መልሱን እያዩ «ይኼንንማ አውቀዋለሁ» ሲሉ ነው።

ደጋግሞ ማንበብም ያታልላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ ደግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 42 ከመቶ፣ አንዴ አንብበው በቃላቸው የጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። የሐረር ቁርአን ቤት ልጅ ሎሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የጻፈውን በቃሉ ሳይወጣው አያጥበውም፤ የቄስ ተማሪም በቃሉ ሳያሰማ አያልፍም። እናንተ የዛሬዎቹ «ሽምደዳ» ብላችሁ ትስቃላችሁ። ሽምደዳ ብቻውን ፊዚክስ እንደማይፈታ እኔም አውቃለሁ።

ለፊዚክስ የምሳሌውን መፍትሔ በወረቀት ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪ። ከሦስት ምዕራፍ 12 ጥያቄ ቀላቅዪ፤ ሁሉም ከአንድ ምዕራፍ ከሆነ ጥያቄውን ሳታነቢው ቀመሩን ታውቂዋለሽ።

መስማቱን አልተውም ካልሽም ማስታወሻውን ሳይሆን ጥያቄውን ቅጂ። ከዚያ 10 ሴኮንድ ዝም፤ ከዚያ መልሱን። በዝምታው መሃል መልሱን ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ፤ ከዚራ ላይ መንገደኛው ዞር ብሎ ቢያይሽም ይይሽ።