ግራፊን ኦክሳይድ ለደም ደህና ነው ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ይበቃል?

የጠያቂያችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በላቦራቶሪያችን ያዘጋጀነውን ግራፊን ኦክሳይድ በታጠቡ ቀይ የደም ሴሎች ላይ ሞክረን የፈረሱት ሴሎች ከ2 በመቶ በታች ሆኑ። ከደም ጋር ተስማሚ ነው ብለን መጻፍ እንችላለን?» ግራፊን አንድ አቶም ያህል የሳሳ የካርቦን ቅጠል ነው፤ ኦክሳይዱ ኦክስጅን የተጣበቀበት ነው። «የታጠቡ» የሚባሉት ፕላዝማቸው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ የተወገደላቸው ሴሎች ናቸው።

መልሴ «ገና ነው» የሚል ነው። የ2 በመቶው ወሰን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቁሶች ቀይ ሴል ማፍረሳቸውን የሚመዝነው፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ756 የተባለው መመዘኛ ከ2 በመቶ በታች የሆነውን ሴል የማያፈርስ፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያለውን በመጠኑ የሚያፈርስ፣ ከዚያ ያለፈውን የሚያፈርስ ይለዋል። በመመዘኛው ላይ ቅሬታ የለኝም። ለዓመታት ደምንና የካርቦን ናኖ ቁሶችን አገናኝቼ ስሞክር ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፦ ካርቦን የመለኪያውን ምስክር ራሱ ይውጠዋል።

ቀይ ሴል ሲፈርስ በውስጡ የነበረው ሄሞግሎቢን ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ቱቦው በሴንትሪፊውጅ ከተሽከረከረ በኋላ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ምን ያህል እንደቀላ በ540 ናኖሜትር አካባቢ ይለካል። የበለጠ ከቀላ የበለጠ ሴል ፈርሷል እንላለን። ግራፊን ግን እጅግ ሰፊ ገጽ አለው፤ የአንድ ግራም ስፋት በንድፈ ሐሳብ 2630 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ኦክሳይዱም ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛል። የወጣውን ሄሞግሎቢን በላዩ ለጥፎ አብሮት ሊዘቅጥ ይችላል። ያኔ መሣሪያው የሚያነበው የጠራ ፈሳሽ ነው።

አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ቱቦ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፤ ስሌቱም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ከሥር ስናይ ግን በማነጻጸሪያው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠው ደማቅ ቀይ ክምር እዚህ የለም። በምትኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ፣ ቱቦው ሲዘነበል እንደ ሙጫ የሚንሸራተት ዝቃጭ ተኝቷል። ጠብታ ወስደን በማይክሮስኮፕ ስንመለከት ቅርጹን የጠበቀ ሴል ለማግኘት ብዙ መፈለግ ነበረብን። ቀጥለን አስቀድሞ በተጣራ ውኃ የፈረሰ ደም ወሰድን፤ ሙሉ ሴል አንድም የለበትም። ያንኑ ግራፊን ኦክሳይድ ጨምረን ስናሽከረክረው አብዛኛው ቅላት ከዓይናችን ጠፋ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህንኑ በራስዎ ቁስ ላይ ይሞክሩት። መጠኑ የታወቀ የሄሞግሎቢን ፈሳሽ ላይ በሙከራው የተጠቀሙበትን ያህል ግራፊን ኦክሳይድ ይጨምሩ፤ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለዚያው ያህል ሰዓት ያቆዩት፤ ያሽከርክሩትና ከገባው ምን ያህሉ እንደቀረ ይለኩ። ብዙው ከጠፋ የ2 በመቶው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። ደም የሌለበት፣ ቁሱ ብቻ ያለበት ቱቦም ያስፈልግዎታል፤ ግራፊን ኦክሳይድ ራሱ ብርሃን ስለሚይዝ በፈሳሹ ውስጥ ከቀረ ስሌቱን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። በነጭ የደም ሴሎች ላይ በኤምቲቲ፣ ሕያው ሴል በሚለውጠው ቀለም፣ ለመሥራት ካሰቡም ይጠንቀቁ፤ ግራፊን ያለ ምንም ሴል ቀለሙን ሊለውጠው ስለሚችል የሞተው ሕያው መስሎ ይታያል።

የሴሎቹን ቅርጽ ማየትም አይርሱ። 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ክብ ሴል ሳይፈርስ ዙሪያውን እሾህ ሊያወጣ ይችላል። ሄሞግሎቢኑ ስላልወጣ መመዘኛው ያልፈዋል። በሰውነት ውስጥ ግን ቀይ ሴል በጠባብ ደም ሥሮችና በጣፊያ ክፍተቶች የሚያልፈው እየታጠፈ ስለሆነ፣ ይህ ለውጥ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ሴሎቹ የተገናኙት ከየትኛው ግራፊን ጋር እንደሆነም ይጠይቁ። በውኃ ውስጥ በደንብ የተበተነው ቁስ ጨው ባለበት መፍትሔ ይጓጉላል፤ የተጓጎለው ደግሞ ከተበተኑት ትንንሽ ቅጠሎች ያነሰ ሴል ያፈርሳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ከቁሱ ደግነት ሳይሆን ከመጓጎሉ ሊመጣ ይችላል። ቺቶሳን በተባለ፣ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት በሚገኝ ቁስ ሲሸፈን የማፍረስ ኃይሉ እጅግ እንደሚቀንስ በ2011 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የፕላዝማ ፕሮቲኖችም በተመሳሳይ ይሸፍኑታል፤ በታጠቡ ሴሎች ሙከራ ግን ፕላዝማ ስለሌለ ቁሱ ይህን ሽፋን አያገኝም። እኔ ሁለቱንም፣ የታጠበውንም ፕላዝማ ያለበትንም፣ ጎን ለጎን ካላየሁ አልረካም።

ፕሮቲን ለበሰ ማለት ደግሞ ሰላም ወረደ ማለት አይደለም። ደም በሚያረጋው ፕሮቲን በፋይብሪኖጅን ከተሸፈነ ፕሌትሌቶችን፣ ማለትም ደም የሚያረጉትን ጥቃቅን ሴሎች፣ ሊጠራ ይችላል፤ ሲ1ኪው የተባለው ፕሮቲን ከተጣበቀበት ኮምፕሊመንት የተባለው የመከላከያ ሥርዓት ይነቃል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የፕሌትሌቱ ጉዳይ ነው። ግራፊን ኦክሳይድ ፕሌትሌቶችን እርስ በርስ እንደሚያጣብቅና በአይጦች ደም ሥር ሲገባ በሳንባ ውስጥ የረጋ ደም እንደሚያስከትል በ2011 ተዘግቧል። በቀጣዩ ዓመት በአሚን የተለወጠው ግራፊን ይህን እንዳላደረገ ታይቷል። የገጹ ኬሚስትሪ እንዲህ ስለሚወስን «ግራፊን ደህና ነው» ወይም «ግራፊን መርዝ ነው» የሚለውን ጥቅል ፍርድ አልቀበልም። ለፕሌትሌቱ ሙከራ ደሙ እንዳይረጋ በሲትሬት ይያዙት፤ ኢዲቲኤ የተባለው ሌላው ፀረ-መርጋት ካልሲየሙን አጥብቆ ስለሚያስር ፕሌትሌቱም ኮምፕሊመንቱም ዝም ይላሉ። ደሙ በዚያው ቀን የተቀዳ ይሁን።

«ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከካርቦን ይሠራ የለም ወይ?» የሚል ክርክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። አዎ፣ ፓይሮሊቲክ ካርቦን የተባለው፣ በከፍተኛ ሙቀት ከጋዝ የሚሠራ ጠንካራ ካርቦን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቫልቭነት እያገለገለ ነው። ነገር ግን እሱ በአንድ ቦታ የተተከለ ልሙጥ ገጽ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ታካሚው ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ይወስዳል። ይበልጥ የሚቀርበን ታሪክ በ1960ዎቹ ደምን በከሰል ቅንጣቶች ውስጥ በማሳለፍ መርዝ ለማጣራት የተደረገው ሙከራ ነው። ያልተሸፈነው ከሰል ፕሌትሌቶችን ይቀንስ፣ ደቃቁም ከደሙ ጋር ይሄድ ነበር፤ አሠራሩ የተሻሻለው ከሰሉ መሸፈን ሲጀምር ነው።

ስለ ቆሻሻ በአጭሩ፦ ከናኖቱብ (እንደ ቱቦ ከተጠቀለለ ካርቦን) ጋር የሚያነጻጽሩ ከሆነ፣ ሲሠራ በአፋጣኝነት ገብቶ በውስጡ የቀረ የብረት፣ የኒኬል ወይም የኮባልት ካታሊስት መጠን ይለካ። ኢንዶቶክሲንም (የባክቴሪያ መርዝ) ይመርመር፤ ነጭ ሴሎችን የቀሰቀሰው ካርቦኑ ሳይሆን ከባክቴሪያ የቀረው ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉን አሁን ማስገባት ግድ ከሆነ «ከደም ጋር ተስማሚ» የሚለውን ያውጡና የሠሩትን ብቻ ይጻፉ፦ በዚህ መጠን፣ በዚህ የቅጠል ስፋት፣ በዚህ መፍትሔ ውስጥ፣ ለዚህ ያህል ሰዓት፣ ከዚህ ያህል ለጋሾች በተወሰዱ የታጠቡ ቀይ ሴሎች ላይ፣ ካርቦኑ የያዘው ሄሞግሎቢን ተለክቶ ከታረመ በኋላ የተገኘው መፍረስ ይህን ያህል ነው። ፕሌትሌትና ኮምፕሊመንት እንዳልተፈተሹም በዚያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ።