ደረቴን በማዳመጥ ብቻ አስም አለብሽ ተባልኩ፤ ልመን?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዘዞ እኖራለሁ፤ የምተዳደረው በማገዶ እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ለወራት ስላሳለኝና ትንፋሽ ስላጠረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ አስም ነው በማለት የሚነፋ ሳልቡታሞል አዘዘልኝ። ሌላ ምርመራ አላደረገልኝም። በእርግጥ አስም ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አልተረጋገጠም። በማዳመጫ የሚሰማው የደረት ማፏጨት የአየር ቧንቧ መጥበቡን እንጂ ያጠበበውን ምክንያት አይናገርም፤ አስም ያለበት ሰው ደረትም ሕመሙ በማይነሣበት ሰዓት ንጹሕ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ የካናዳ ጥናት፣ ባለፉት 5 ዓመታት አስም አለባችሁ የተባሉ 613 አዋቂዎች ትንፋሻቸው እየተለካ እንደገና ሲመረመሩ፣ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ላይ አስም አልተገኘም። ከጥቂቶቹ በሽታው በጊዜ ብዛት ለቅቆ ሊሆን ቢችልም፣ አስም ካልተገኘባቸው ከግማሽ የሚበልጡት ቀድሞ ሲመረመሩ ትንፋሻቸው ስለ መለካቱ ማስረጃ አልነበረም።

በእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ አክታዎ አለመመርመሩ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ሊታለፍ አይገባም። ለዓመታት የማገዶ ጭስ የተነፈሰ ሰው ደግሞ አስም የሚመስል፣ ሆኖም በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ የማይከፈት የሳንባ ቧንቧ መጥበብ ሊይዘው ይችላል። የልብ በር ሕመምም ሌሊት ትንፋሽ ያሳጥራል።

አስምን ከእነዚህ የሚለየው መለዋወጡ ነው፤ ይነሣል፣ ይለቃል፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል። ይህን ለማየት የጤና ጣቢያው ሐኪም ትንፋሽ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወጣ በሚለካው፣ ፒክ ፍሎው በሚባለው ትንሽ መሣሪያ አስነፍቶ፣ የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ከወሰዱ ከ15 ደቂቃ በኋላ መድገም ይችላል፤ ልኬቱ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ የአስም ጥርጣሬው ይጠነክራል። መሣሪያው ከሌለ ስፓይሮሜትሪ (የሚወጣውን የትንፋሽ መጠንና ፍጥነት የሚለካ ምርመራ) ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልክዎ ይጠይቁ። ደህና በሆኑበት ቀን የተገኘ ጤናማ ልኬት ግን አስም የለም አያሰኝም፤ መደገም አለበት።

እስከዚያው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። አስም መሆኑ ከተረጋገጠም ሳልቡታሞል ብቻውን አይበቃምና፣ የቧንቧውን መቆጣት የሚያበርድ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚነፋ መድኃኒት እንዲታዘዝልዎ ሐኪሙን ያነጋግሩ።