የልጄ ሕመም የዘር መርገም ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጃችን እንደ ተወለደች በተደረገላት የደም ምርመራ ሲክል ሴል የተባለው ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሟ ሕመሙን ያመጣው የዘረመል ለውጥ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ተነሥቶ በተፈጥሮ ምርጫ የቆየ ነው አለን። አማቴ ግን «ከእናቷ ወገን የመጣ የዘር መርገም ነው፤ መድኃኒቱን ተዉት፣ ጠበል ይበቃታል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ «የዘር መርገም» የሚለውን ቃል ከብዙ ወላጆች ሰምቼዋለሁ፤ ዘወትር የሚጠቅሱልኝም ዘጸአት 20፥5ን ነው። ቃሉ ግን የሚናገረው እግዚአብሔርን ስለሚጠሉ ሰዎች ሲሆን፣ ወሰኑም እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የዚህን ለውጥ ዕድሜ 7,300 ዓመት ገደማ አድርጎ ገምቶታል፤ ከዚያ የሚያስረዝሙትም አሉ። ይህ ከ200 ትውልድ በላይ ነውና የየትኛው አያት ኃጢአት ነው ሊባል ይችላል?

ለውጡ ሳይጠፋ የቆየው፣ ወባ ሕፃናትን በሚፈጅበት አገር ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ልጅ ከጽኑ ወባ ስለሚተርፍና አድጎ ስለሚወልድ ነው። የተፈጥሮ ምርጫ የሚሉት ይህን ነው፤ ስሙ ሌላ ፈጣሪ አያቆምምና አያስደንግጥሽ። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ልጅ ግን ቀይ የደም ሴሎቹ እንደ ማጭድ እየታጠፉ ቀጫጭን የደም ሥሮቹን ይዘጉበታል። ልጅሽን የሚያሠቃያት ነገር የስንቱን ሕፃን ነፍስ እንዳተረፈ ሳስብ፣ መርገም ብዬ ልጠራው አልደፍርም። ከእናቷ ወገን ብቻ መጣ ማለትም ስሕተት ነው፤ አንዱ ካንቺ፣ አንዱ ከባለቤትሽ ካልመጣ ይህ ሕመም አይጸናባትም። ጌታም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሏል (ዮሐ. 9፥3)።

አንድ ጊዜ ጠበል ቦታ አንዲት እናት የልጇን መድኃኒት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አገኘኋት። «እምነቴን እንዳያጎድልብኝ አቋረጥኩት» ስትለኝ ሕፃኑ በእቅፏ በትኩሳት ይነድ ነበር። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ የሚናገረውን ሲራክ 38ን ነገርኳትና ቋጠሮውን እዚያው አስፈታኋት።

አንቺም ጠበሉን አጠጫት፤ ሐኪሟ ያዘዘላትንም መድኃኒት ሰዓቱን ሳታሳልፊ ስጫት። ይህ ሕመም ያለበትን ሕፃን ኢንፌክሽን ፈጥኖ ይጎዳዋልና ትኩሳት ከያዛት ሌሊትም ቢሆን አስቀድመሽ ሐኪም ቤት አድርሻት። አማትሽን አትቀየሚያቸው፤ ይህን መልስ አንብቢላቸውና የክርስትና ስሟን እየጠሩ እንዲጸልዩላት ለምኛቸው።