የብሎው ኦፍ ቫልቭን በቫኪዩም ፓምፕ ስለመፈተሽ

ወንድሜ፣ መኪናዎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጉልበት እንደሚያጣ ገልጸው፣ ብሎው ኦፍ ቫልቩን (ነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ ቱርቦው ያመቀውን ትርፍ አየር የሚያስወጣውን ቫልቭ) በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር በሚስብ የእጅ ፓምፕ) እንዴት መፈተሽ እንደሚቻል ጠይቀዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን ይፍቱ፤ የፓምፑን ቱቦ ከላይኛው ቀጭን አፍንጫ ጋር አገናኝተው ቀስ እያሉ ሲስቡ ቫልቩ መከፈት አለበት። መሳብዎን አቁመው በፓምፑ ላይ ያለውን የጌጁን (የመለኪያውን) መርፌ ይመልከቱ፤ ባለበት ከቆየ ዲያፍራሙ (በቫልቩ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ደህና ነው፣ ከወረደ ግን ተቀዶ ሊሆን ይችላል (ቫልቩ በዲያፍራም ፈንታ ባለ ፒስተን ከሆነ ጥቂት ማፍሰሱ አያስደነግጥም)። ቫኪዩሙን ሲለቁት ወዲያው ካልተዘጋ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም በዘይት ቆሻሻ ተይዟል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ጌጁ በመመሪያው የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር ባያሳይ ፓምፑን አይውቀሱ። እኔ ብሆን ግን ቫልቩን ከመፍታቴ በፊት ከኢንቴክ ማኒፎልድ (አየርን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) የሚመጣውን ቀጭን ጎማ እመለከት ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።