ሁለተኛዋ መርከብ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የፋርስን፣ የመቄዶንያንና የሮምን ጦርነቶች ብዙ ጊዜ ተርኬያለሁ። አሁን አንድ ታሪክ ብቻ ንገረን ብትሉኝ ግን ስለ አንዲት መርከብ ነው የምነግራችሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 በሌስቦስ ደሴት ያለችው የግሪክ ከተማ ሚቲሊኒ በአጋሯ በአቴንስ ላይ አመፀች። አቴንስ ከስፓርታ ጋር እየተዋጋች ነበር፤ ወረርሽኝም ሕዝቧን ፈጅቶባታል። በዚያ ላይ የአጋሯ መክዳት አንገበገባት። በዓመቱ ሚቲሊኒ ተከባና ተርባ እጇን ሰጠች። የአቴንስ ጉባኤ ተሰብስቦ ፈረደ፦ ወንዱ ሁሉ ይገደል፣ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ይሸጡ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ወዲያው ተነሣች።

አድረው ሲነሱ ብዙዎቹን ጸጸት ያዛቸው። አጥፊውን ከንጹሑ ሳይለዩ ከተማ ሙሉ ሰው መፍጀት! ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ክሌዎን የተባለ የአቴንስ ፖለቲከኛ የፈረድነውን ማጠፍ ድክመት ነው ብሎ ተከራከረ። ዲዮዶቶስ የተባለ ሌላ አቴናዊ ሊቃወመው ተነሣ። እኔ ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። እዘኑላቸው አላለም። ችኮላና ቁጣ የመልካም ምክር ጠላቶች ናቸው አለ። ሁሉንም ከገደልን ነገ የሚያምፅ ከተማ እስከ መጨረሻው ይዋጋል እንጂ እጁን አይሰጥም፣ የምንጎዳው እኛው ነን አለ። እጅ ሲወጣ ለጥቂት አሸነፈ።

የመጀመሪያዋ መርከብ ግን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማለች። ሁለተኛዋ ተላከች። አቴንስ የነበሩት የሚቲሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይን ጠጅና ገብስ ሰጡ፤ ከደረሳችሁ ብዙ እንክሳችኋለን አሉ። ቀዛፊዎቹ እየቀዘፉ በሉ። ምግባቸው በወይን ጠጅና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት ነበር፣ የኛን በሶ የሚመስል። በየተራ ተኙ። የፊተኛዋ የያዘችው መልእክት የሚያስጠላ ስለነበር አልተቻኮለችም። የጦር አዛዡ ፓኬስ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች።

ምሕረቱ ሙሉ አልነበረም። የአመፁ ቀንደኞች የተባሉ ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ተገድለዋል ተብሎ ተጽፏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ደግሞ አቴንስ የሜሎስን ደሴት ከበበች። እጇን ስትሰጥ ወንዶቹን ገደለች፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ሸጠች። ያን ጊዜ ሁለተኛ መርከብ አልተላከም።

እኔም በወጣትነቴ አንድ ተማሪ ኮርጇል ብዬ በንዴት ከትምህርት አሳገድኩት። ሳምንት ሳይሞላ እንዳልኮረጀ አወቅሁ። በመምህራን ፊት የተናገርኩትን ማጠፍ ግን አፈርኩ። ዝም አልኩ። ልጁ ተመልሶ አልመጣም።

ልጆቼ፣ በዚህ ዘመን ፍርድ በስልክ ነው፤ ጣታችሁ ከነካው ተላከ ማለት ነው። ስትናደዱ እደሩበት። ስታጠፉ ደግሞ ማዘን ብቻ አይበቃም። አቴናውያን አዝነው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ ሚቲሊኒ አልቃ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ቀዛፊ ነው። ደውሉ፣ ሂዱ፣ በሰው ፊት ያላችሁትን በዚያው ሰው ፊት እጠፉት። አቋም የለውም ይሉኛል ብላችሁ አትፍሩ።

ያንን ተማሪ አሁን እያፈላለግሁ ነው። አብሮት የተማረ አንድ ልጅ ስልኩን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል።