የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ጥያቄያችሁ ውድቅ ሲደረግ

በአሜሪካ በሆስፒታል፣ በነርሲንግ ሆም፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በመጋዘን ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ ሕመም ከሥራ ሲያስቀራቸው የደመወዛቸውን ከፊል የሚተካ የረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ በአሠሪያቸው በኩል አላቸው። ጥያቄያቸው ውድቅ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ግን አንዳንዶቹ ለፈጣሪ ሰጥተው ይተዉታል፤ ሌሎቹ በንዴት የጻፉትን የግማሽ ገጽ ይግባኝ ይልካሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

በግል ድርጅት አሠሪ በኩል የሚገኝ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣውና ኤሪሳ ተብሎ በሚጠራው የፌዴራል ሕግ ነው። ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይግባኝ ለማቅረብ ቢያንስ 180 ቀናት ይሰጣችኋል። ጉዳዩ በኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው በአብዛኛው የሚመለከተው ኩባንያው ሲወስን በፋይሉ ውስጥ የነበረውን ማስረጃ ብቻ ነው፤ ብዙ ፖሊሲዎችም (የኢንሹራንስ ውሎችም) የመወሰን ሥልጣኑን ለኩባንያው ስለሚሰጡ፣ ዳኛው የሚመዝነው ውሳኔው ምክንያታዊ መሆኑን እንጂ እርሱ ራሱ ቢሆን ምን ይወስን እንደነበር አይደለም። ስለዚህ ለፍርድ ቤት ብላችሁ የምታቆዩት ማስረጃ ሊኖር አይገባም።

ይግባኙን ከመጻፋችሁ በፊት ሙሉ ፋይላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኩባንያው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። በውስጡ ብዙ ጊዜ የምታገኙት፣ እናንተን በአካል ሳያይ ወረቀት ብቻ አንብቦ «መሥራት ይችላል» ያለ ሐኪም አስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ለቀረቡ ጥያቄዎች፣ ኩባንያው ከሐኪማችሁና ከሶሻል ሴኩሪቲ (ከመንግሥቱ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም) ውሳኔ የተለየበትን ምክንያት መግለጽ አለበት። ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 እንደወሰነው ኩባንያው ለሚያክማችሁ ሐኪም ቃል የተለየ ክብደት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሐኪማችሁ «መሥራት አይችልም» ብሎ ከሚጽፍ ይልቅ ስንት ደቂቃ መቀመጥና መቆም፣ ስንት ፓውንድ ማንሣት እንደምትችሉ፣ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚያደክማችሁ፣ ይህንንም በምን ምርመራ እንዳረጋገጠ በዝርዝር ቢጽፍ እጅግ ይጠቅማችኋል።

እዚህ ላይ የእኛ ጨዋነት ይጎዳናል። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል ወገባችን እየተቆረጠ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን፤ እርሱም ሕመምተኛው እንደተሻለው ይመዘግባል፤ ኩባንያውም ያንን መስመር ይጠቅሳል። ሌሊት መተኛት ካቃታችሁ፣ ልጃችሁን ማቀፍ ከተሳናችሁ፣ በየቀጠሮው ተናገሩ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ።

ክፍያ የጀመረላችሁም ፖሊሲያችሁን አንብቡ። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ለመጀመሪያዎቹ 24 ወራት የሚጠይቁት የራሳችሁን ሥራ መሥራት አለመቻላችሁን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን ለትምህርታችሁና ለልምዳችሁ የሚስማማ ማናቸውንም ሥራ አለመቻላችሁን ነው። ብዙ ሰው ክፍያው የሚቋረጥበት በዚህ መሸጋገሪያ ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲ የተጠራቀመ ገንዘብ ከመጣላችሁም ኩባንያው ድርሻውን መልሱልኝ ሊል ስለሚችል አታጥፉት።

የመንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ፖሊሲውን በግላችሁ ከገዛችሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከታችሁ የስቴቱ ሕግ ስለሆነ የጊዜ ገደቡም ሊለይ ይችላል። በኤሪሳ ለሚተዳደሩት ግን የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የጥቅማ ጥቅም አማካሪዎች ያለ ክፍያ ይረዳሉ። በዚህ ሕግ የሚሠሩ ብዙ ጠበቆችም የሚከፈላቸው ካሸነፉ ብቻ ነው፤ ይግባኙ አንዴ ውድቅ ሆኖ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ጉዳዩን ለመቀበል ያመነታሉና፣ ደብዳቤው በደረሳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አማክሯቸው።