ከምን ጋር? መቼ? ስንት? የዕለት ምግብ ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ብዙ ቤት ሚዛን ስለሌለ ልኩን በማንኪያና በስኒ ነው ያስቀመጥኩት።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እኛ ቤት ከዓመት ዓመት የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው። ሥጋ የምንቀምሰው በበዓል ነው። እንጎዳ ይሆን?

መልስ፦ እንጀራና ሽሮ ጥሩ ተደጋጋፊ ናቸው። ማሽላም ሆነ ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ደግሞ እሱው ሞልቷቸዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሽሮው ሲቀጥን ነው። ሞላ ያለ 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ (40 ግራም ገደማ) 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ይኸው ለአራት ሰው ከተበጠበጠ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ግራም ነው፤ ድስቱ ቢሞላም የተበላው ውሃና በርበሬ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 50 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ኤንና ሲን ግን ከሽሮ አይጠብቁ፤ ጎመን፣ ካሮትና ጥሬ ቃሪያ ይጨምሩበት። እንቁላል ሲገኝ ደግሞ ቢ12 ከእሱ ይገኛል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የብረት እንክብል እወስዳለሁ። ምስርና ጎመንም አይጠፋም፣ እንጀራችንም የጤፍ ነው። ለምን አልተሻለኝም?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እስኪ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት አስቢው። ገበታው ሳይነሣ ረከቦቱ ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናና ሻይ ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ አጣብቀው ያስቀሩታል፤ ሰውነት ሳይጠቀምበት ይወጣል። ቡናሽን ከምግቡና ከእንክብሉ አንድ ሰዓት አስቀድሚው፣ ካልሆነም ሁለት ሰዓት አዘግዪው፤ በእርግዝና ጊዜ መጠኑንም መቀነስ ይሻላል። ምስሩ ላይ ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። በጤፉ ብዙ አትመኪ። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አያገኘውም። እንክብሉ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሊያደርቅም ይችላል፤ ለዚህ ብለሽ እንዳታቋርጪው። ምርመራውን በቀጠሮሽ ድገሚ፤ መነሻው የሆድ ትል ወይም ወባም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ልጄ 7 ወሩ ነው። አጥሚት ጠዋትና ማታ ይጠጣል፣ ክብደቱ ግን አልጨመረም።

መልስ፦ «ይጠጣል» ያልሽው ላይ ነው ነገሩ። የዚህ ዕድሜ ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላ የሚያሳድገው ነገር ቦታ አያገኝም። ማንኪያውን አዘንብለሽ እዪው፦ እንደ ወተት ከወረደ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ተይዞ ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ ልክ ነው። ዱቄቱን 3 እጅ እህል (ገብስ፣ ስንዴ ወይም አጃ) እና 1 እጅ ጥራጥሬ አድርጊው። ጥራጥሬው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ይፈጭ። ገንፎው ከበሰለ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ሲገኝም በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ፈጭተሽ ጨምሪበት። በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ በአንዴ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ስኒ (የ250 ሚሊ ሊትሩ) አድርሺው። 9 ወር ሲሞላው 3 ወይም 4 ጊዜ ይሁን። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋሲ ሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ያመነጫል። እግሩ ካበጠ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ቀን ሳትቆጥሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ባቄላና ቦሎቄ እሳት ቢጨመርበትም አልበስል ይለኛል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ ቶሎ ይበስላል።

መልስ፦ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት ውሃውን ይድፉት፣ በአዲስ ውሃ ከድነው ይቀቅሉ። ቲማቲምና ሎሚ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል። ቦሎቄ በግማሽ ብስል እንዳይበላ፤ ያስታውካል።

ጥያቄ፦ ጨውስ?

መልስ፦ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውም ይቆጠራል። አዮዲኑ በሙቀት ስለሚቀንስ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ ዕቃውም ተከድኖ ከምድጃ ይራቅ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሽምብራ ሲወደድ ሽሮ ውስጥ ጓያ እንቀላቅላለን። ይጎዳል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጓያ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሰንፋል። መቁላት ብቻ አያጠፋውም። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ግድ ከሆነ ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ ከእህል ጋርም በጥቂቱ ይሁን። እግሩ የከበደው ወይም ሲራመድ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው በዚያው ቀን ይተወው፤ ሽባነቱ አንዴ ከመጣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።